ያልተበላ እርቅ

የፍርድ ትችት እጽፋለሁ። ፍርድ ቤት የሰጠውን ውሳኔ አንስቼ ይኼ ልክ ነው፣ ይኼ ስህተት ነው፣ ሕጉ የሚለው እንዲህ ነበር እያልኩ ገጽ እሞላለሁ። አንባቢዎቼ ተማሪዎቼ ናቸው፤ እነሱም ፈተና ሲደርስ ብቻ። ድሮ ዳኞችም ያነቡታል ብዬ ተስፋ አደርግ ነበር። አንድ ቀን ሶዶ መናኸሪያ አጠገብ ሻይ ስንጠጣ አንድ ዳኛ «ቲቸር፣ ጽሑፍሽን አይቼዋለሁ፤ ጥሩ ነው፣ ረዘመ እንጂ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ አሳጥሬ እጽፋለሁ። አሁንም አያነቡትም።

ስለ አንድ ውሳኔ ግን አሳጥሬም ሆነ አርዝሜ መጻፍ አቃተኝ። ደጋግሜ ጀምሬዋለሁ። «የጉዳዩ አመጣጥ» ብዬ በሰላም እነሣና «የፍርድ ቤቱ ምክንያት» የሚለው ንዑስ ርዕስ ላይ ስደርስ ደሜ ይፈላል፤ ትችቱ ወደ ስድብ ይለወጥብኛል። ስለዚህ ትችቱን ትቼ የሆነውን እንደሆነው ልናገር። የትኛው ፍርድ ቤት እንደሆነ አልጽፍም። የፈረደው ዳኛ ዛሬም መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ቆም ብሎ ሰላም ይለኛል። ክፉ ሰው አይደለም፤ እንዲያውም ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

ከደሴ ተመድቤ ሶዶ ከመጣሁ ቆይቻለሁ። ጠዋት ጠዋት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የወንጀል ሕግ አስተምራለሁ፤ ከሰዓት በኋላ የነፃ ሕግ ድጋፍ ቢሯችን ቁጭ ብዬ ጠበቃ መቅጠር ለማይችሉ ሰዎች አቤቱታ እጽፋለሁ፣ ችሎትም እቆምላቸዋለሁ። ቢሮው አንድ ክፍል ነው። ክረምት ሲሆን ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ባለጉዳዩንም እኔንም ያስጮኸናል፤ ከውጭ ለሚሰማን የተጣላን ነው የምንመስለው። ወላይትኛዬ ገበያ ላይ ቦይና ለመግዛት ይበቃል። ቦይና እኛ ጎደሬ የምንለው ነው። ከዚያ ግን አያልፍም።

ሴትዮዋ የመጣችው እንዲህ በሚጮህ ዝናብ መሐል ነው። ከቤሌ መንገድ በሚኒባስ መጥታ፣ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ፣ እኔ «ኧረ አታውልቂ» እያልኩ በባዶ እግሯ ገባች።

«ለድሃ የሚቆም አንተ ነህ?» አለችኝ።

እሷ ዘንድ ወንዱም ሴቱም አንተ ነው። ላርማት አላሰብኩም፤ የእኔ ወላይትኛ ከእሷ አማርኛ ጋር ቢወዳደር የማፍረው እኔ ነኝ።

ነገሩን ነገረችኝ። ያገባችው እዚያው ጎረቤቷን ነው፤ የባሏና የወንድሟ ማሳ ይዋሰናል። ወንድሟ ወሰኑ ላይ ባሕር ዛፍ ተከለ። ዛፉ አደገና የባሏን ቦይና ጥላ አለበሰው። ባል «ቁረጥ» አለ፤ ወንድም «አልቆርጥም» አለ። አንድ ጠዋት ባል ራሱ ወጥቶ ቅርንጫፎቹን ሲመለምል ወንድም መቆፈሪያውን እንደያዘ ከማሳው መጣ። ትከሻውን እመታለሁ ብሎ የሰነዘረው እጀታ ዓይኑን አገኘው። ወዲያው መቺው የተመታውን አዝሎ እስከ መኪናው መንገድ ሮጠ፤ ባጃጅ አስቁሞ ሶዶ ሐኪም ቤት አደረሰው፤ ከዚያ በሩ ላይ ተቀምጦ ፖሊስ ጠበቀ። ሲመጡ «እኔ ነኝ» አላቸው። ዓይኑ ግን አልተረፈም።

«እና ምን ላድርግልሽ?» አልኳት። ስለ ወንድሟ ትለምነኛለች ብዬ ስጠብቅ ስለ እናቷ ጀመረች።

የወንድሟ ቤት የእናቷም ቤት ነው። አሮጊቷ ታመው ተኝተዋል። በዚያ ሰፈር ልማድ ከአንዱ ቤት በተነሣ እጅ የሌላው ቤት ሰው ደም ከፈሰሰ፣ ሁለቱ ቤቶች ታርቀው ከአንድ ገበታ እስኪበሉ ድረስ የአንዱ ሰው የሌላውን ደጃፍ አይረግጥም፤ እህል ውሃውንም አይቀምስም። እሷ ደግሞ ካገባች ወዲህ የባሏ ቤት ሰው ናት። ስለዚህ ማታ ማታ እስከ እናቷ አጥር ትሄድና ትቆማለች።

«እናቴ ውስጥ ሆኖ ያስላል፤ እኔ ውጭ ሆኜ እሰማለሁ» አለችኝ። «ወንድሜ ይምጣ፣ ከባሌ ጋር ይብላ፣ እኔ እናቴ ጋ ልግባ። ሌላ አልፈልግም።»

ቁጣ ይቀድመኛል፤ ይኼን ተማሪዎቼም ያውቃሉ። «ግቢ በቃ! ማን ይዞሻል?» አልኳት። የሰፈሯ ቄስም ለካ እንደኔው ግቢ ብለዋታል። እግዚአብሔር እናትሽን አትጠይቂ አላለም ብለዋታል።

«ገብቼ ልጆቼ ቢታመሙስ?» አለችኝ። «አማቴ ምን ይለኛል? ልጄ ዓይን የለውም፣ አንተ እዚያ ትበላለህ ይለኛል።»

ፋይል ከፈትኩላት።

ባልየው በሚቀጥለው ጊዜ አብሯት መጣ። ረጅም፣ ኩርፍ ያለ ሰው ነው፤ የጠፋውን ዓይኑን በነጭ ጨርቅ ሸፍኖታል። ይቅር ባይ ተጎጂ ሲባል ፊቱ የሚያበራ ሰው ጠብቄ ከነበረ፣ እሱ አልነበረም።

«አልወደውም» አለኝ ገና ሳይቀመጥ። «ድሮም አልወደውም። ግን ይፈታ። እሷ በየቀኑ ያለቅሳል፣ እኔ ራት አይወርድልኝም። እዚያ ተቀምጦ ለእኔ ምን ያደርጋል? ይምጣ፣ ዛፉን ይቁረጥ፣ እንብላና ይለቅ።»

ይህንኑ ቃል በቃል የቅጣት አስተያየቴ ላይ ብጽፈው ደስ ባለኝ ነበር። ነገር ግን ፍርድ ቤት እንዲህ ያለ አማርኛ አይቀበልም፤ «ተጎጂው ከልብ ይቅርታ አድርጓል» ብዬ ጻፍኩ።

የሕጉ ነገር ቀላል መስሎ ታየኝ። ተከሳሹ አምኗል፤ ጥፋተኛ ተብሎ ታስሯል፤ የቀረው የቅጣቱ ልክ ነበር። ቅጣት በመሰላል ነው የሚሰላው። ወንጀሉ በመጀመሪያ አንድ እርከን ላይ ያርፋል፤ የሚያከብደው ነገር ሲገኝ ወደ ላይ፣ የሚያቀልለው ሲገኝ ወደ ታች ይሄዳል። ማመኑ አንድ ማቅለያ ነው። ከዚያ በፊት ጥፋት የሌለበት መሆኑ ሌላ ነው። ከተጎጂው ጋር መታረቁ ሦስተኛ ይሆናል። ሦስተኛው ከተያዘለት ቅጣቱ በገደብ እንዲሆን፣ ማለትም እስር ቤት ሳይገባ ጠባዩ እየታየ ቤቱ እንዲኖር ለመጠየቅ መንገድ ይከፈትልናል። ካልተያዘለት መንገዱ ዝግ ነው። ለእኔ አንድ እርከን ነበር፤ ለሴትዮዋ የእናቷ በር ነበር።

ሁለቱን ቤቶች የሚያስታርቁት ሽማግሌዎች ሦስት ሆነው ቢሮዬ መጡ። በዕድሜ የገፉት፣ ቀጭኑ፣ ለሁሉም የሚናገሩት እሳቸው ነበሩ። የአካባቢው ሰው ሜዳ ላይ ተሰብስቦ ነገር በሚያይበት በጉታራ መቀመጣቸውን ነገሩኝ። የተከሳሹ አጎቶች እርጥብ ሳር ይዘው መጥተዋል፤ «ጥፋቱ የእኛ ነው» ብለዋል፤ ባልየው እያጉረመረመም ቢሆን ሳሩን ተቀብሏል።

«የቀረው መብላት ነው» አሉኝ ሽማግሌው። «ልጁ ሲወጣ ይበላሉ።»

«እንደዚሁ ለዳኛው ይንገሩልኝ፣ አባባ» አልኳቸው። ምንም የሚያሳስብ ነገር አልታየኝም። ዳኛው የዚሁ አገር ልጅ ነው፤ እርቅ ምን እንደሆነ ከእኔ ከደሴዋ አይማርም።

በቀጠሮው ቀን ተከሳሹን ከሌሎች እስረኞች ጋር አመጡት። ያኔ ነበር መጀመሪያ ያየሁት፤ ደልደል ያለ፣ አንገቱን የደፋ ሰው ነው። እህቱና ባሏ ኋላ ተቀመጡ። ሽማግሌው ማሉና በወላይትኛ ሊናገሩ መረጡ። ዳኛው ወላይትኛ ያውቃል፤ ዐቃቤ ሕጉም ያውቃል፤ ተከሳሹ፣ ፖሊሱ፣ አዳራሹ ሙሉ ያውቃል። የማናውቀው እኔና መዝገቡ ነን። ስለዚህ ለሁለታችን ሲባል አስተርጓሚ ቆመ።

ስለ ጉታራው ጠየቅኳቸው፤ ተናገሩ። ስለ ሳሩ፣ ስለ አጎቶቹ፣ ባልየው እንዴት እንደተቀበለ ጠየቅኳቸው፤ አሳምረው ተናገሩ። ልቀመጥ ስል ዳኛው መነጽሩን ገፋ አደረገ።

«እንግዲህ አባት፣ እርቁ ተፈጽሟል?»

«አልተፈጸመም።»

«ለምን?»

«አልበሉም።»

«ለምን አልበሉም?»

ሽማግሌው ዳኛውን አዩ፣ ተከሳሹን አዩ፣ አጠገቡ የቆመውን ፖሊስ አዩ። «ይዛችሁታላ» አሉ።

አስተርጓሚው ሳይተረጉመው አዳራሹ ሳቀ። ዳኛውም ፈገግ አለ። ዐቃቤ ሕጉ ግን ብድግ ብሎ «ክቡር ፍርድ ቤት፣ የመከላከያው የራሱ ምስክር እርቅ አለመፈጸሙን አረጋግጠዋል፤ ይመዝገብልኝ» አለ። ተመዘገበ። እኔም ተነሣሁ፤ የቀረው የማዕዱ ሥርዓት ብቻ እንደሆነ፣ እሱም የቀረው ሰውየው ስለታሰረ መሆኑን ተናገርኩ። ድምፄ ከሚገባው በላይ ከፍ ብሎ ነበር።

ዳኛው አሰበበት። «እንግዲያው ቀጠሮ እሰጣችኋለሁ፤ እርቁን ጨርሳችሁ ኑ» አለ። በዚያን ሰዓት አመስግኜዋለሁ፤ ከልቤ ነበር።

ከችሎት በቀጥታ ማረሚያ ቤት ሄድኩ። ኃላፊው ጨዋ ሰው ነው፤ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ። ምግብ ማስገባት እንደሚቻል ነገረኝ። ተጎጂውን ከእስረኛው ጋር አቀማምጦ ማብላት ግን የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ይፈልጋል አለኝ። «እዚያው ቢጣሉስ? ማን ይጠየቃል?» ልክ ነው። ትዕዛዝ ለመጠየቅ ፍርድ ቤት ተመለስኩ። እስረኛ ከማን ጋር ምን እንደሚበላ የማረሚያ ቤቱ አስተዳደራዊ ጉዳይ ነው ተባልኩ። ይኼም ልክ ነው። ሁሉም ልክ ነበሩ፤ እኔ ብቻ ነበርኩ በባጃጅ የምመላለሰው። በመጨረሻ አንዱ የባጃጅ ሾፌር ሲያየኝ «ዛሬስ ወዴት ነው ቲቸር? ወደ ትዕዛዙ ወይስ ወደ አስተዳደሩ?» እያለ ይስቅብኝ ጀመር። እኔም አብሬው ሳቅሁ፤ ማታ ቤቴ ገብቼ ግን በንዴት ድስት አሳረርኩ።

ኃላፊው በመጨረሻ አዘነልኝ። በጠያቂዎች ዳስ ውስጥ፣ አንድ ፖሊስ ቆሞ፣ ለግማሽ ሰዓት ይብሉ ብሎ በራሱ ኃላፊነት ፈቀደ። ከበሩ ሳልወጣ ለሽማግሌው ደወልኩ። ይደሰታሉ ብዬ ነበር። «እንማከር» አሉኝ።

ተማከሩ። እስር ቤት የሚበላ እርቅ እርቅ አይደለም አሉ። መበላት ያለበት ደሙ የፈሰሰበት ቦታ ላይ፣ ወሰኑ ላይ፣ ሁለቱም ቤት እያየ ነው።

በማግስቱ ተማሪ በትኜ ወደ ቤሌ መስመር በሚኒባስ ወጣሁ። ሽማግሌው እዚያው ያጣላው ባሕር ዛፍ ሥር ቆመው ጠበቁኝ። ዛፉ አሁንም ቆሟል፤ ባልየው የመለመላቸው ቅርንጫፎች ቦታ እንደገና አቆጥቁጧል። ቦይናው ከሥሩ ቢጫ ሆኖ ቀጭጯል።

«አባባ፣ በእግዚአብሔር ይዤዎታለሁ» አልኳቸው። «እስር ቤት ይብሉ። ሲወጣ ደግሞ እዚህ ይድገሙት። ሁለት ጊዜ መብላት ኃጢአት ነው?»

«ልጄ፣ እዚያ ፖሊስ ቆሞ ነው» አሉኝ። «ሰው ፖሊስ ቆሞ ያልወደደውን ይበላል። ነገ ይኼ ሰውዬ ተገድጄ ነው የበላሁት ቢል፣ ልጁ የዚያኛውን ልጅ ቢመታ፣ ማነው ያስታረቀው ይባላል? እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው ፍርድ ቤት ሲጠይቅዎት ታርቀዋል ይበሉ፤ አንድ ቃል ናት። ልባቸው ታርቋል አይደል?»

ተናደዱ። ሽማግሌው ሲናደዱ ድምፃቸው እንደሚቀንስ ያን ቀን አወቅሁ። «አንቺ አስተማሪ ነሽ። ምሎ የቆመ ሰው ዋሽ ትያለሽ?»

«ውሸት አይደለም!» ብዬ ጮህኩ። ማሳ ውስጥ የሚሠሩ ሰዎች ቀና ብለው አዩን። እውነቱን ለመናገር እኔም በእሳቸው ቦታ ብሆን እንደ እሳቸው ነበር የምለው፤ ይኼ ነው ይበልጥ ያበሸቀኝ። ሰውየው ቢዋሹ ኖሮ ፍርድ ቤት ያምናቸው ነበር። ሳይዋሹ ስለ ቀሩ ደንበኛዬን ጎዱት፤ ልቆጣቸው ደግሞ አይገባኝም ነበር፣ ግን ተቆጣሁ።

ስመለስ ሴትዮዋ መንገድ ድረስ ሸኘችኝ። በእናቷ አጥር አጠገብ ስናልፍ ቆም አለችና ጮክ ብላ በወላይትኛ የሆነ ነገር ተናገረች። ከውስጥ ቀጭን ድምፅ መለሰላት። ምን አሉሽ ብዬ ጠየቅኳት።

«በላህ ወይ አለኝ» አለችኝ። «በላሁ አልኩት።»

ፍርዱ የተነበበው መስቀል ሲቃረብ ነው። ሶዶ በሙሉ ቅቤና በሬ ሲገዛ ነበር፤ ችሎቱም ቶሎ ቶሎ እያነበበ ነበር። የእኛ መዝገብ ተራው ሲደርስ ዳኛው በተለመደው ረጋ ያለ ድምፁ አነበበ። ተከሳሹ ማመኑ ተይዞለታል። ቀድሞ ጥፋት የሌለበት መሆኑ ተይዞለታል። ተጎጂውን አዝሎ ሐኪም ቤት ማድረሱ ግን ከማመኑ ጋር የአንድ ጸጸት መገለጫ ስለሆነ ለብቻው ማቅለያ አይሆንም። እርቅን በተመለከተ ምስክሩ አለመፈጸሙን ያረጋገጡ በመሆኑ፣ ተከሳሹም በቂ ጊዜ ተሰጥቶት ሊፈጽም ስላልቻለ፣ ጥያቄው ተቀባይነት የለውም። አምስት ዓመት ጽኑ እስራት።

ሊፈጽም ስላልቻለ! ይቺ ሐረግ ናት ትችቴን ሁልጊዜ ወደ ስድብ የምትለውጥብኝ። ሰው አስረህ ማሳው ላይ ለምን አልተገኘህም ትለዋለህ? እርቁ እንዲፈጸም መፈታት አለበት፤ እንዲፈታ እርቁ መፈጸም አለበት፤ ይህን ዳኛው አላየውም አልልም። አይቶታል። ሽማግሌው «ይዛችሁታላ» ሲሉ ፈገግ ያለው ገብቶት ነው። የገባውን ነገር ግን ውሳኔው ውስጥ የሚያስገባበት ቦታ አላገኘም ወይም አልፈለገም።

ቦታ ነበረው። አዝሎት መሮጡን ብቻውን ቢይዝለት ኖሮ ያቺ አንድ እርከን ትወርድ ነበር። የወንጀል ሕጋችን ስለ ጸጸት ሲናገር ተጎጂን መርዳትን ከማመን ለይቶ ይጠራዋል፤ አንዱ በአፍ የሚደረግ ነው፣ ሌላው በጀርባ ተሸክመው የሚሮጡት። ቅጣትን በገደብ ሲያደርግ ደግሞ ዳኛው ሁኔታ ማስቀመጥ ይችላል። «ውጣ፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ ወሰኑ ላይ ቁጭ ብለህ ከተጎጂው ጋር እርቅህን ፈጽም፤ ካልፈጸምክ ትመለሳለህ» ማለት ይችል ነበር። ሽማግሌውም ደስ ይላቸው ነበር፣ ሕጉም ደስ ይለው ነበር። ይህን ሁሉ በይግባኝ ማመልከቻዬ ጻፍኩት፤ አሳጥሬ። የይግባኙ ችሎት መልስ ከእኔም ያጠረ ነበር፦ አያስቀርብም። ሌላውን ወገን ጠርቶ ለማከራከር እንኳን የሚያበቃ ነገር የለውም ማለት ነው።

ውሳኔውን ክፍል ውስጥ አቀረብኩት፤ ስም ቆርጬ። አንድ ከቦዲቲ የመጣ ጎበዝ ተማሪ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ሽማግሌው ራሱ አልታረቁም ካለ ዳኛው ምን ያድርግ?» የክፍሉ ግማሽ ራሱን ነቀነቀ። የሁሉም ቤት እንዲህ ያለ እርቅ ያውቃል፤ ቅዳሜ እሑድ ሄደው የሚበሉት እነሱ ናቸው። ሱፍ ለብሰው የዳኝነት ወንበር ላይ ሲቀመጡ ግን የሚያውቁትን እንዳላወቁ ይሆናሉ፤ እኔ ነኝ እንደዚያ እንዲሆኑ የማስተምራቸው ብዬም አሰብኩ። ሰሌዳውን አጥፍቼ ክፍሉን ቀድሜ ወጣሁ።

ከዚያ ጥቂት ወራት አለፉ። አንድ ጠዋት ባልየው ደወለ። በስልክም ኩርፍ ያለ ነው።

«አማቴ ሞተ» አለኝ። «እሷ ንገራቸው ስላለኝ ነው።»

የመጀመሪያ ሥራዬ ማረሚያ ቤት መደወል ነበር። ታሳሪው ልጃቸው ለእናቱ ቀብር በአጃቢ እንዲወጣ ጠየቅኩ። መኪና የለም፣ ጥያቄው በጽሑፍ ይሁን፣ ከሰዓት እንይ ተባልኩ። ከሰዓት ቀብሩ ያልቃል። ስልኩን ዘግቼ መናኸሪያ ሄድኩ። ሚኒባሱ እስኪሞላ ተቀምጬ የማላውቀውን ረዳት ተቆጣሁ። ታገሠኝ፤ ነጠላዬን አዘቅዝቄ መልበሴን አይቶ ነው መሰለኝ።

ስደርስ ሰዉ ከቤተ ክርስቲያን እየተመለሰ ነበር። ዝናቡ አባርቶ መንገዱ ጭቃ ሆኗል። ሴትዮዋ አስከሬኑን ከመንገድ ጀምራ እስከ መቃብሩ ተከትላለች፤ መንገድና ቤተ ክርስቲያን የማንም ደጃፍ አይደሉምና። ከሰዉ ጋር አብራ ተመለሰች። በሩ ላይ ሲደርሱ ሰዉ ሁሉ አልፏት ገባ፣ እሷ ቆመች። ባሏ ከጎኗ ቆሟል። ዓይኑ ላይ ያለውን ጨርቅ በእጁ እየነካካ መሬት መሬት ያያል።

አቀፍኳት። ፊቷ ተላልጧል። እዚያው አብሬያት ልቆም አስቤ ነበር። እሷ ግን በእጇ ገፋ አደረገችኝ።

«አንተ ግባ» አለችኝ። «አንተ ይችላል።»

ገባሁ። ድንኳኑ ውስጥ ሽማግሌው ነበሩ፤ ሲያዩኝ «ኖር» ብለው ብድግ አሉና ዓይናቸውን ከዓይኔ አሸሹ። ሴቶቹ ወደ ቤት ውስጥ ወሰዱኝና ከግድግዳው ሥር ካለው መደብ ላይ አስቀመጡኝ። መደቡ የአሮጊቷ መኝታ ነበር፤ ብርድ ልብሳቸው ተጣጥፎ ከጥግ ተቀምጧል። አንዷ ጎረቤት በአማርኛ አጫወተችኝ። አሮጊቷ በመጨረሻ ሰሞን ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዙረው ካልሆነ አልተኛም ይሉ ነበር አለችኝ።

ንፍሮ አመጡልኝ። በሁለት እጄ ተቀበልኩ። በጭቃው ግድግዳ ስንጥቅ በኩል ከአጥሩ ውጭ የጥቁር ሻሽ ጫፍ ይታየኛል፤ አይንቀሳቀስም። ሴቶቹ «ብይ፣ ብይ እንጂ፣ ከሩቅ ነው የመጣሽው» አሉኝ፤ እምቢ ማለት ነውር ነው። በላሁ። አሮጊቷን በሕይወት ሳሉ አንድም ቀን አይቻቸው አላውቅም።